ዴሞውን መሞከር፣ መቆለፊያውን መፈተሽ፦ የኮምፒውተር ጨዋታ ከመግዛታችሁ በፊት

ዴሞውን ወዳችሁት ሙሉውን ጨዋታ ብትገዙና ሙሉው አልከፈት ቢላችሁ፣ ጨዋታውን ለመርገም አትቸኩሉ። ጥፋቱ በላዩ የተገጠመው የቅጂ መከላከያ፣ እኔ መቆለፊያ የምለው፣ ሊሆን ይችላል። ዴሞ በነጻ የሚታደል የጨዋታ ናሙና ስለሆነ ባለቤቱ እንዳይሰረቅበት ብዙም አይጨነቅም፤ መቆለፊያውን ሳይገጥምበት ሊለቀው ይችላል። እናንተ ገንዘብ የምትከፍሉበት ግን ከነመቆለፊያው የሚመጣው ነው። ስለዚህ ዴሞ መሞከር ብቻውን ግማሽ ፈተና ነው፤ መቆለፊያውን ለብቻው መፈተሽ ያስፈልጋል።

መገናኛ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡ ወጣቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ይህ ኮምፒውተር ያንን ጨዋታ ይችለዋል?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ ጨዋታውስ የቤታችሁን ኢንተርኔትና የሰፈራችሁን መብራት ይችለዋል? ከዚህ በታች ሁለቱንም ጥያቄ ገንዘብ ሳይባክን የምመልስበትን መንገድ አስቀምጣለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ገጹን እስከ ታች አንብቡ

ብዙ ሰው ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ ሱቅ የሽያጭ ገጽ ሲከፍት ቪዲዮውን ያያል፣ ዋጋውን ያያል፣ ከዚያ ዴሞውን ማውረጃ ይጫናል። እናንተ ወደ ታች ውረዱና በገጹ ቀኝ በኩል ያለውን ዓምድ ተመልከቱ። ጨዋታው ከስቲም ሌላ የሦስተኛ ወገን መቆለፊያ ካለው እዚያ በተለየ ሣጥን ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። DRM (ዲ.አር.ኤም) የሚሉትን ሦስት ፊደላት ፈልጉ፤ የመቆለፊያው የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። ከእነሱ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የምታዩት ስም ዴኑቮ ነው፤ መነሻው የኦስትሪያዋ ሳልዝቡርግ የሆነ፣ ከ2014 ጀምሮ በትልልቅ ጨዋታዎች ላይ የሚገጠም መከላከያ ነው። ከስሙ ሥር ደግሞ ጨዋታው በአንድ ቀን ውስጥ ከአምስት በላይ በሆኑ የተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ እንደማይከፈት የሚገልጽ መስመር ሊኖር ይችላል።

«እኔ ያለኝ አንድ ኮምፒውተር ነው፣ አምስቱ ምን ያደርግልኛል» እንዳትሉ። መቆለፊያው ኮምፒውተራችሁን የሚያውቀው በፕሮሰሰሩና በሌሎች የማሽኑ ምልክቶች ነው። ፕሮሰሰር ከተቀየረ ለእሱ ሌላ ኮምፒውተር ነው። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ላይ ሆነው የዊንዶውስ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ፕሮቶን የተባለውን አስማሚ ከአንዱ ስሪት ወደ ሌላው እየቀያየሩ ሲሞክሩ፣ እያንዳንዱ ሙከራ እንደ አዲስ ማሽን ተቆጥሮባቸው ለአንድ ቀን ሙሉ ከገዛ ጨዋታቸው ውጭ ቆመዋል። ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም።

በዚያው ዓምድ ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ፈልጉ። አንደኛው ጨዋታው ከስቲም ሌላ የአሳታሚውን፣ ማለትም ጨዋታውን ያወጣውን ኩባንያ፣ አካውንት ይጠይቅ እንደሆነ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ደንበኛዬ ወንድሙ ከዋሽንግተን በስጦታ የላከለትን ጨዋታ ሲከፍት የአሳታሚው አካውንት የስልክ ቁጥር ጠየቀው። ኢትዮጵያ በአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ አለች፤ ቁጥሩንም ተቀበለው፤ የማረጋገጫው መልእክት ግን ጭራሽ አልመጣም። ለድጋፍ ክፍሉ ብንጽፍላቸው በትሕትና የመለሱልን «ሌላ አገር ስልክ ካለዎት ይሞክሩ» የሚል ነበር። ጨዋታው ተገዝቷል፣ ወርዷል፣ ዲስኩን ሞልቶ ተቀምጧል፤ በሩ ላይ ግን መልእክት የሚጠብቅ ዘበኛ ቆሟል።

ሁለተኛው በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚጫወቱበት ከሆነ የማጭበርበር መከላከያው ዓይነት ነው። አንዳንዱ ወደ ዊንዶውስ እምብርት ድረስ የሚገባ ድራይቨር (ከዊንዶውስ ሥር ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም) ይጭናል። ስቲም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ይህን ዓይነቱን በገጹ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ አስገድዷል። ለቅጂ መከላከያ የተሠራ ባይሆንም ራስ ምታቱ ተመሳሳይ ስለሆነ አብራችሁ እዩት።

ገጹ ያልነገራችሁን ፒሲ ጌሚንግ ዊኪ የተባለው ድረ ገጽ ይነግራችኋል። የጨዋታውን ስም ጽፋችሁ ፈልጉ፤ በየትኛው ሱቅ በምን መቆለፊያ እንደሚሸጥ በሠንጠረዥ አስቀምጦታል። አንድ ጨዋታ በአንዱ ሱቅ ተቆልፎ በሌላው ሳይቆለፍ ሊሸጥ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም።

ዴሞውን ማውረድ

እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። መጠኑን ከማውረዳችሁ በፊት ተመልከቱ፤ አንዳንዱ ዴሞ ከሙሉው ጨዋታ ብዙም የማያንስ ነው። የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ተኝታችሁ አውርዱት። ስቲም መብራት ሲጠፋ ካቆመበት ስለሚቀጥል አትጨነቁ። አዳዲስ ዴሞዎች በብዛት የሚወጡት ስቲም በየዓመቱ ደጋግሞ በሚያካሂደው ኔክስት ፌስት በሚባለው ሳምንት ነው፤ አንዳንዶቹ ሳምንቱ ሲያልቅ አብረው ይነሳሉ፤ ስለዚህ የወደዳችሁትን ቶሎ አውርዱ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

ዴሞ ሲከፈት አብዛኛው ሰው በቀጥታ «ጀምር» የሚለውን ይጫናል። እኔ ወደ ቅንብሩ ነው የምሄደው። ምክንያቱም ቅንብሩ የሠሪዎቹን ጠባይ ይናገራል። የቁልፎቹን ቦታ መቀየር ይቻላል? የግርጌ ጽሑፉን ማጉላት ይቻላል? ለደካማ ኮምፒውተር የሚሆን ዝቅተኛ ደረጃ አለው? የስክሪኑን ጥራት ዝቅ አድርጎ ምስሉን መልሶ የሚያሳምረው ዘዴ ተካቷል? ሦስት መስመር ብቻ ያለው ቅንብር ካያችሁ፣ ለጨዋታ ማሽን ተሠርቶ ወደ ኮምፒውተር በችኮላ የተዛወረ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የላፕቶፑን ቻርጀር ሰኩ። በባትሪ ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ኃይሉን ስለሚቆጥብ ውጤቱ ያሳስታችኋል። በስቲም ቅንብር ውስጥ በሴኮንድ ስንት ምስል እንደሚሳል የሚያሳየውን ቆጣሪ አብሩ። ከ60 በላይ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ከ30 በታች ከወረደ ዓይናችሁ ያስተውለዋል። ግን አማካዩን ብቻ አትዩ። የጨዋታን ስሜት የሚያበላሸው ዝቅተኛ ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ በጥሩ ፍጥነት እየሄደ በድንገት የሚደናቀፈው ነው። በሩን ስትከፍቱ፣ ጠላት ሲፈነዳ፣ ካሜራውን በፍጥነት ስታዞሩ ምን ይሆናል? እነዚያን ቦታዎች ደጋግሙ፤ ቁጥሩንም በወረቀት ጻፉ። ወረቀቱ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አትመኑ። ማሽኑ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እውነተኛው ውጤት ያኔ የምታዩት ነው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ከጮኸ መጀመሪያ አቧራውን አስጠርጉ፣ የፕሮሰሰሩን ቅባት አስቀይሩ፣ ከዚያ ዴሞውን እንደገና ሞክሩ። (ይህን የምለው ለሱቄ ገበያ አይደለም፤ ለእሱም ቢሆን ግን አልከፋም።)

አሁን ወደ ጨዋታው። ዴሞ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያው ነው፤ መጀመሪያው ደግሞ ሠሪዎቹ ከሁሉ አብልጠው የለፉበት ክፍል ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ማማሩን ሳይሆን፣ ደጋግማችሁ የምትሠሩት ነገር ደስ ማሰኘቱን ታዘቡ። መዝለሉ፣ መተኮሱ፣ ካርዱን መምዘዙ፣ እህሉን መዝራቱ ያለ ታሪኩና ያለ ሙዚቃው ደስ ይላል? ድምፁን አጥፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ተጫወቱ። አሰልቺ ከሆነ ሙሉውም ያሰለቻችኋል። አንዳንዱ ዴሞ ያጠራቀማችሁትን ወደ ሙሉው ጨዋታ ያሻግራል፤ በነሐሴ 2024 የወጣው የፋይናል ፋንታሲ 16 የኮምፒውተር ዴሞ እንደዚያ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ካገኛችሁ ዴሞውን ቀስ ብላችሁ ተጫወቱት፤ ጊዜው ኪሳራ አይደለም።

አንዳንዱ ደግሞ ዴሞ መስሎ ምንም አያሳይም። በመጋቢት 2024 ድራገንስ ዶግማ 2 ከመውጣቱ ቀደም ብሎ በነጻ የተሰጠው የገጸ ባሕርይ መፍጠሪያው ብቻ ነበር። ሰዉ አፍንጫና ጺም ሲያስተካክል ሰነበተ። ጨዋታው ሲወጣ ግን ሕዝብ በሚበዛባቸው ከተሞች ውስጥ ፕሮሰሰርን እያስጨነቀ ፍጥነቱ ወደ ታች ወረደ። መፍጠሪያው ክፍል ውስጥ ከተማ ስለሌለ ማንም ይህን አስቀድሞ ሊያየው አይችልም ነበር። ስለዚህ ዴሞው የትኛውን ክፍል እንዳላሳያችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ዴሞውም ቢሆን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም

በ1993 ታኅሣሥ 10 ኢድ ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ዱም የተባለውን ጨዋታ ሲለቅ ከሦስቱ ምዕራፎች የመጀመሪያውን በነጻ ሰጠ፤ ገልብጡና ለሌላ ስጡ ብሎ። የተጫነበት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ከሚያወርደው ሰው ብዛት የተነሳ ቆመ። የቀሩትን ምዕራፎች የፈለገ ገንዘብ ልኮ ያዝዛል። ያ ዴሞ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበር፤ ምንም አልደበቀም፤ ኩባንያውንም ሀብታም አደረገ።

ከዚያ በፊት የነበረው ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ ደግሞ ተንኮለኛ መንገድ ነበረው። በዶስ ላይ ከፍሎፒ ወደ ፍሎፒ የተገለበጠውን የተጫወታችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ የመጀመሪያውን ደረጃ በነጻነት ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ፊደል የተጻፈባቸው ብልቃጦች የተደረደሩበት ክፍል ይመጣል። ከጨዋታው ጋር አብሮ ከሚሸጠው የመመሪያ መጽሐፍ የትኛውን ገጽ፣ የትኛውን መስመር፣ የትኛውን ቃል እንደምታዩ ይነግራችኋል፤ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል የያዘውን ብልቃጥ መጠጣት አለባችሁ። መጽሐፉ ከሌላችሁ ማለፍ ይከብዳችኋል። በእኔ ግምት ከዚያ ወዲህ ከመጡት መቆለፊያዎች ሁሉ ይህ ይሻላል፤ ቢያንስ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ኮምፒውተራችሁ ውስጥም ምንም አይተውም።

በኋላ የመጡት ይተዋሉ። ስታርፎርስ የተባለው የሩሲያ መከላከያ የራሱን ድራይቨር ዊንዶውስ ውስጥ ይተክል ነበር፤ ተጫዋቾች አምርረው ከተቃወሙ በኋላ አሳታሚው ዩቢሶፍት በ2006 መጠቀሙን አቆመ። በነሐሴ 2007 የባዮሾክ የኮምፒውተር ዴሞ ሲወጣ ደግሞ ሴኪውሮም የተባለውን መከላከያ ይዞ መጣ። አስቡት፤ በነጻ የተሰጠ ናሙና መቆለፊያ ተገጥሞበት። ሙሉው ጨዋታ ሲወጣ መጀመሪያ በሁለት ኮምፒውተር ብቻ እንዲጫን ይፈቅድ ነበር፤ ጩኸቱ ሲበዛ ወደ አምስት ከፍ አለ፣ በ2008 ገደቡ ተነሳ። በዚያው በ2008 ስፖር የተባለው ጨዋታ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይጫን ተገድቦ ወጥቶ የገዢዎች ቁጣ በአማዞን ላይ በአንድ ኮከብ አስተያየቶች ጎርፍ ፈሰሰበት፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤትም ክስ ቀረበበት። ያን ሁሉ ያደረጉት እንዳይሰረቅ ነበር፤ ስፖር ግን በዚያ ዓመት በሕገወጥ መንገድ እጅግ በብዛት ከወረዱት ጨዋታዎች አንዱ ሆነ።

ከዚህ የምታገኙት ተግባራዊ ምክር ይህ ነው። ዴሞውን ከመጫናችሁ በፊት ችግር ቢመጣ ኮምፒውተሩን ወደ ነበረበት የሚመልሰውን የዊንዶውስን የመመለሻ ነጥብ ፍጠሩ። ዴሞውን ስታራግፉ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝርና የዊንዶውስን የአገልግሎቶች ዝርዝር ክፈቱ፤ በጨዋታው፣ በአሳታሚው ወይም በመከላከያው ስም የቀረ ነገር ካለ ለይታችሁ አስወግዱ። ስሙን የማታውቁትን ግን በግምት አትሰርዙ። በግምት ተሰርዞ ዊንዶውስ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር መጠገን ከጨዋታው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

ሁለቱ ሰዓቶች

ስቲም ከሰኔ 2015 ጀምሮ የተገዛን ጨዋታ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት፣ ገንዘቡን ይመልሳል። ይህ ሕግ የመቆለፊያውን ፈተና የምታካሂዱበት ሜዳ ነው፤ በደንብ ካልተጠቀማችሁበት ግን ያመልጣችኋል።

ቀኑ የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ጀምሮ እንጂ አውርዳችሁ ከጨረሳችሁበት አይደለም። መቶ ጊጋባይት የሚሆን ጨዋታ በደካማ መስመር እየጎተታችሁ 14 ቀን ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ማውረጃው ኢንተርኔት ከመግዣው ገንዘብ በፊት ዝግጁ ይሁን። ሰዓቱ ደግሞ ጨዋታው ክፍት ሆኖ የቆየበትን ሁሉ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሲከፈት ግራፊክሱን ሲያዘጋጅ የምትጠብቁት ጊዜ፣ የአሳታሚው አካውንት ምዝገባ፣ ቡና ለመጠጣት ተነስታችሁ የጨዋታው ሜኑ ላይ የተዋችሁት ጊዜ ሁሉ ይገባበታል። በዴሞው ያያችሁትን መግቢያ እንደገና ስትዝናኑበት ሰዓቱ እንዳያልቅ ወደ ፈተናው ቶሎ ግቡ።

ፈተናው እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ጨዋታውን ክፈቱ፤ ዴኑቮን የመሰለ መቆለፊያ ያለው ከሆነ መጀመሪያ ሲከፈት በኢንተርኔት ከኩባንያው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ዴሞው ላይ ወደ መዘገባችሁት ቦታ ሂዱ፤ ቅንብሩን ያኔ እንደነበረው አድርጉና ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ መቆለፊያውን ልትጠረጥሩ ትችላላችሁ፤ ግን አትቸኩሉ፣ የድራይቨር ወይም የማሻሻያ ችግርም ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬው መሠረት የለሽ አይደለም። በ2021 ሬዚደንት ኢቭል ቪሌጅ በኮምፒውተር ላይ ጠላት በተተኮሰ ቁጥር ይደናቀፍ ነበር። ዲጂታል ፋውንድሪ የተባሉት የቴክኒክ መርማሪዎች መቆለፊያው ከተሰበረበት ቅጂ ጋር አስተያይተው፣ የተሰበረው ለስላሳ እንደሚሄድ አሳዩ። በሐምሌ የጨዋታው አሳታሚ ካፕኮም የመከላከያውን አሠራር ያስተካከለ ማሻሻያ አወጣ። የከፈለው ሰው ከሰረቀው የባሰ ቅጂ ይዞ ለሁለት ወር መቆየቱ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

ቀጥሎ ጨዋታውን አስቀምጣችሁ ውጡ። ስቲምን «ጎ ኦፍላይን» በሚለው ከኢንተርኔት ውጭ አድርጉት። ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ እንደገና አስነሱ፤ ማስተኛት አይበቃም። ዋይፋዩን አጥፉ። አሁን ጨዋታውን ክፈቱ። ከተከፈተ፣ ያስቀመጣችሁትንም ካገኛችሁ፣ ትልቁን ፈተና አለፈ። ካልተከፈተ የሚሰጣችሁን መልእክት ፎቶ አንሱት።

ሦስተኛው ለእኛ አገር ከሁሉ ይበልጣል። ኢንተርኔቱን መልሳችሁ ጨዋታውን ክፈቱና በመሐል የራውተሩን መሰኪያ ንቀሉ። መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ይህ ነውና፤ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ይሞታል። ጨዋታው ይቀጥላል? ቆሞ ይጠብቃል? ወይስ አውጥቶ ይጥላችኋል? በ2010 አሳሲንስ ክሪድ 2 በኮምፒውተር ሲወጣ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ተጫዋቹን ያስወጣ ነበር፤ ከመጨረሻው ማስቀመጫ ወዲህ የሠራውም ይጠፋበታል። በመጋቢት ወር የዩቢሶፍት ሰርቨሮች ጥቃት ደርሶባቸው ሲወድቁ ደግሞ መስመሩ ደህና የሆነውም ሰው መጫወት አልቻለም። ያ ሁሉ የሆነው መብራት በማይጠፋበት አገር ነው። በግንቦት 2012 ዲያብሎ 3፣ በመጋቢት 2013 ሲምሲቲ በወጡ ዕለት ገዢዎቻቸው ሰርቨር እስኪከፈት በር ላይ ተሰልፈዋል። ሲምሲቲ ያለ ኢንተርኔት መሥራት የጀመረው ከዓመት በኋላ ነው። እዚህ ሁልጊዜ ኢንተርኔት የሚፈልግ ጨዋታ ለብቻው ለሚጫወት ሰው እንዲገዛ አልመክርም፤ ቅናሽ ቢኖረውም።

ገንዘቡን ማስመለስ

ካልረካችሁ ወደ ስቲም የእገዛ ገጽ ገብታችሁ ግዢውን ምረጡ፣ ገንዘብ እንዲመለስላችሁ የሚለውን ተጫኑ፣ ምክንያቱን በአጭሩ ጻፉ። ማብራራት አይጠበቅባችሁም፤ «ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም» ይበቃል። ገንዘቡ ወደ ስቲም ሂሳባችሁ ወይም ወደ መጣበት ካርድ ይመለሳል።

ብዙዎቻችን ከዚህ ሆነን በውጭ ምንዛሪ መክፈል ስለሚያስቸግረን በውጭ ያለ ዘመድ ይገዛልናል። ይህ ከሆነ የሚከተሉትን ለዘመዳችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። በሁለቱ አገሮች መካከል የዋጋው ልዩነት ከሰፋ ስቲም ስጦታውን ላያስተላልፍ ይችላል። ስጦታውን ተቀብላችሁ ከከፈታችሁት በኋላም ያው የ14 ቀንና የሁለት ሰዓት ሕግ ይሠራል፤ ጥያቄውን የምትጀምሩት ግን እናንተ ተቀባዮቹ ናችሁ፣ ገንዘቡ የሚመለሰው ደግሞ ለገዛው ሰው ነው። እሱም ሳይደነግጥ ለሌላ ጨዋታ እንዲያውለው አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከሌላ ነጋዴ በኮድ የተገዛን ስቲም አይመልስም፤ ርካሽ ኮድ የሚሸጡ ገጾች ይህን በትልቁ አይጽፉትም።

ከገዛችሁ በኋላ የሚለወጠው

መቆለፊያ በአንድ ቀን ታይቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ሊነሳም ሊጨመርም ይችላል። አዲሱ ዱም በግንቦት 2016 በዴኑቮ ተቆልፎ ወጣ፤ በሰኔ የመጀመሪያውን ደረጃ በዴሞ ሰጡ፤ በታኅሣሥ ዴኑቮን ራሳቸው አወጡት። መጠበቅ የሚችል ሰው በዚያ ስምንት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዋጋውም ቀንሶለት መቆለፊያውም ተነስቶለት ገዛው። ብዙ አሳታሚዎች ከጊዜ በኋላ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ጨዋታውን ወድዳችሁ መቆለፊያውን ከጠላችሁ በምኞት ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡትና ገጹን በየጊዜው ተመልከቱ። ሣጥኑ ከገጹ ሲጠፋ ግዙ።

ተቃራኒውም ይሆናል። ዱም ኢተርናል በመጋቢት 2020 ወጣ፤ በግንቦት በማሻሻያ አማካኝነት ወደ ዊንዶውስ እምብርት የሚገባ የማጭበርበር መከላከያ ተጨመረበት። ገዢዎች በቁጣ ሲነሱ በቀጣዩ ማሻሻያ አወጡት። በዚያ ዓይነት ጊዜ የ14 ቀኑ ሕግ አልፎባችኋል፤ የሚቀራችሁ ጨዋታው በራሱ እንዳይሻሻል በስቲም ቅንብሩ ውስጥ ስትከፍቱት ብቻ እንዲሻሻል ማድረግና የማሻሻያውን ዜና አንብባችሁ መክፈት ነው።

የሰርቨር ጉዳይ ደግሞ ማስመለሻ የለውም። ዩቢሶፍት ዘ ክሩ የተባለውን ጨዋታ በመጋቢት 31 ቀን 2024 ሲዘጋው ለብቻቸው መኪና የሚነዱትም ሰዎች ጨዋታቸውን አጡ። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ ሻጮች የሚሸጡት ባለቤትነት ሳይሆን የመጫወት ፈቃድ መሆኑን እንዲናገሩ አስገድዳለች፤ ስቲምም በመክፈያው ገጽ ላይ ጽፎታል። አንብቡት፤ አጭር ነው።

መቆለፊያው የተሰበረ ቅጂስ? ሱቄ ውስጥ ከእንዲህ ያለ ቅጂ ጋር የገባ ቫይረስ ደጋግሜ አጽድቻለሁ፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ለሌላ ሰው ክሪፕቶ ገንዘብ ሲቆፍር የከረመ ኮምፒውተርም አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ኮምፒውተር ስታመጡ ዊንዶውሱን ከነፋይሉ አጥፍቼ እንደምጭን ከአሁኑ እወቁት።

መቆለፊያ የሌለውና የሞተው መቆለፊያ

መቆለፊያ የሰለቸው ሰው ጎግ ወደሚባለው የፖላንድ ሱቅ ይሂድ። ከ2008 ጀምሮ ያለ መቆለፊያ ይሸጣል። የጨዋታውን መጫኛ ፋይል አውርዳችሁ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ታስቀምጡታላችሁ፤ ኢንተርኔት በሌለበት፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይም ይጫናል። ገንዘብ የመመለሻው ጊዜም 30 ቀን ነው፤ ከፍታችሁ ተጫውታችሁበት እንኳን ካልሠራ ይመልሳሉ። ችግሩ ትልልቆቹ አዳዲስ ጨዋታዎች እዚያ ቶሎ አይደርሱም፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ አይመጡም።

ጎግ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ግን ለድሮዎቹ ነው። በየሱቁ መደርደሪያ አሁንም የ2000ዎቹ መጀመሪያ ዋና ሲዲዎች ይገኛሉ፤ ሳጥናቸው ያምራል፣ ዋጋቸውም ርካሽ ነው። ብዙዎቹ ሴፍዲስክ በሚባል መከላከያ የተቆለፉ ናቸው። ማይክሮሶፍት በ2015 ዊንዶውስ 10ን ሲያወጣ የሴፍዲስክን ድራይቨር አላስገባም፣ በዚያው ዓመት መስከረም ባወጣው የደኅንነት ማሻሻያም በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ ዘጋው፤ ድራይቨሩ ለጥቃት ክፍት በር ነበርና። ዋናው ሲዲ በእጃችሁ እያለ ጨዋታው በዊንዶውስ 11 አይከፈትም። የዲስኩን ንጽሕና ወይም የማንበቢያውን ጤና መጠራጠር ዋጋ የለውም፤ ሲዲ ማንበቢያ ልግዛ ብላችሁ ወደ እኔ የመጣችሁትን ሁሉ የምመልሳችሁም ለዚህ ነው። ሲዲውን ከመግዛታችሁ በፊት ስሙን በፒሲ ጌሚንግ ዊኪ ፈልጉ። ሴፍዲስክ ወይም ሴኪውሮም የሚል ካያችሁ ሲዲውን ትታችሁ ያው ጨዋታ ጎግ ላይ መኖሩን ተመልከቱ፤ ካለ መጫኛውን አውርዱ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ጫኑት፣ ካልሠራም 30 ቀን አላችሁ።